በአዋላጅነት ሠላሳ ዓመት፤ ጋዝጊብላ ያስተማረችኝ

(በማኅበራችን ዓመታዊ የምሩቃን መገናኛ በዓል ላይ ከ1987 ዓ.ም. ምሩቃን አንዷ ያደረገችው ንግግር። ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪዋ የታረመ።)



አስተባባሪዎቹ ሲደውሉልኝ «የአዋላጅነት ሙያ ከዘመን ዘመን እንዴት ተለወጠ በሚል ርእስ ጥናታዊ ጽሑፍ አቅርቢ» ነበር ያሉኝ። ጥናት የሚያቀርቡትማ እዚሁ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ያስተማሩኝ አሉ፤ እኔ የመጀመሪያ ጓንታቸውን ያስጠለቅኋቸውና ዛሬ ዶክተር የሆኑም አሉ። እኔ የማቀርበው ያየሁትን ነው። ሃያ ደቂቃ ተሰጥቶኛል፤ ባሳልፍ አዋላጅ በሰዓት አትታዘዝም ብላችሁ እለፉኝ።

ጋዝጊብላ የት እንደሆነች የማታውቁ ትኖራላችሁ። ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ ስትሄዱ መንገዱ አስከተማ ላይ ያደርሳችኋል፤ የወረዳው ዋና ከተማ እሷ ናት። በስተሰሜን ሰቆጣ፣ በስተምዕራብ ደሃና ናቸው። ደጋው ገብስ ነው፣ ወረድ ሲል ማሽላ ነው፣ በመሐሉ ያለው ገደል ነው። ዋግ ኽምራን ብዙ ሰው የሚያውቀው በ77ቱ ድርቅ ነው፤ ካልሆነም መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት ቃል ሲገባ ስሙን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ስላለው ነው። አንድ አገር በረሃቡ ስም ሲጠራ መኖር ይከብዳል። እኔ ግን የማውቃት በልጆቿ ነው፤ አንዳንዶቹን ዛሬ መንገድ ላይ ሳገኛቸው ከእኔ ይረዝማሉ፣ «ያዋለድሽኝ እኔን ነው» እያሉ ጉልበቴን ሊስሙ ይጎነበሳሉ።

ከራሴ በፊት ስለ ሙያው ጥቂት ልበል። ልዕልት ፀሐይን ታውቋቸዋላችሁ። የንጉሡ ልጅ ናቸው፤ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ በታላቁ የሕፃናት ሆስፒታል በነርስነት ሠልጥነው የተመረቁ። ከነፃነት በኋላ አግብተው ነቀምት ሄዱ፤ በ1934 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ በእርግዝና ምክንያት በመጣ ችግር እዚያው አረፉ። ገና ወጣት ነበሩ። የንጉሥ ልጅ፣ ያውም ነርስ፣ ያውም ለንደን የተማረች። እንግዲህ የእነሱ ቤት እንዲህ ከሆነ የጋዝጊብላዋ ገበሬ ሚስት ምን ትሆን እንደነበር መገመት ነው። በስማቸው አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ተሠራ። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ የመጡት በዚያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ ነበር። ያሠለጠኗቸው ጥቂት አዋላጆች ብቻ ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ አልዘለቀም። እነሱ ግን በረጅም ምጥ ተጎድተው ሽንት የሚያመልጣቸውን ሴቶች ሲያዩ ወደዚያው ዞሩ፤ የፌስቱላ ሆስፒታል የተወለደው ከዚህ ነው። ዶክተር ካትሪን የአዋላጆች ኮሌጅ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። አስቡት፤ የመጡበትን ሥራ ሊጀምሩ ግማሽ ምእት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ፌስቱላን ሲጠግኑ ኖረው በመጨረሻ የደረሱበት ነገር አንድ ነው፤ ቀዳዳው የሚደፈነው ገጠር ላይ አዋላጅ ስትኖር ነው።

የእኛ ግቢ ታሪክም ከዚህ አይርቅም። በደምቢያ ወባ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ሦስት ዓይነት ሰው ነበር የሚያሠለጥነው፤ የጤና መኮንን፣ ሳኒቴሪያንና ኮሚዩኒቲ ነርስ። ኮሚዩኒቲ ነርሷ ቤት ለቤት እየዞረች እናትና ልጅ የምታይ ነበረች። ቲቲፒ የምንለው፣ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ገጠር የሚወጡበት ትምህርት ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። ቆላ ድባ የወጣችሁ እጃችሁን አውጡ እስቲ። (ሳቅ) አያችሁ፤ ግማሹ አዳራሽ ነው። ቁንጫውንም አብራችሁ አስታውሱ።

እኔ በ1987 ዓ.ም. በነርስነት ተመረቅሁ። ያኔ አዋላጅነት ለብቻው የቆመ ሙያ መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነበር። ነርስ ሁሉ ያዋልዳል ነው ነገሩ። የኢትዮጵያ አዋላጆች ማኅበር ከተቋቋመ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ እኔ ግን መኖሩንም አልሰማሁ። ዕጣ ሳወጣ ዋግ ኽምራ ደረሰኝ። ወደ ሰቆጣ ሄድሁ፤ ከዚያ ዛሬ ጋዝጊብላ ወደምንለው አገር፣ ከመኪና መንገድ ርቃ ወደምትገኝ አንዲት ክሊኒክ ተመደብሁ። በእጄ ያዋለድኋቸውን ብቆጥር አሥራ አንድ ናቸው። ሁሉም ጎንደር፣ ሁሉም አልጋ ላይ፣ ሁሉም ከኋላዬ ሲስተር ቆማ።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አንዲትም ሴት ክሊኒክ መጥታ አልወለደችም። ለራስ ምታት ይመጣሉ፣ ለልጅ ተቅማጥ ይመጣሉ፤ ለምጥ አይመጡም። የምታዋልዳቸው አንዲት መነኩሲት ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ሁሉም እማሆይ ነበር የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው። የልምድ አዋላጆች ሥልጠና የሚባለውን ለጥቂት ቀናት ወስደዋል፤ ምላጭና ክር የያዘች ትንሽ ሣጥን ተሰጥቷቸዋል። እኔን ሲያዩኝ «አንቺ ልጅ ወልደሻል?» አሉኝ። አልወለድሁም አልኋቸው። «እንግዲያ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ነው» ብለው ሳቁ። ቢሆንም ይዘውኝ ይዞሩ ጀመር።

ከእማሆይ ጋር ስንት ቤት እንደገባሁ አላስታውስም። ሴትየዋ አትተኛም፤ ተንበርክካ ምሰሶውን ወይም የባልንጀራዋን አንገት ይዛ ታምጣለች። ሴቶቹ ዙሪያዋን ሆነው ማርያም ማርያም ይላሉ። ቡና ይፈላል፣ ገንፎ ይገነፋል። እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት የመጣሁት በጀርባሽ ተኚ፣ እግርሽን እዚህ ስቀይ፣ ዝም በይ የሚለውን ተምሬ ነው። ያን ጊዜ እማሆይን ኋላ ቀር ብያቸዋለሁ፤ በሆዴ። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው የምጥ አያያዝ መመሪያ ግን እናቲቱ በሚመቻት አቀማመጥ ትውለድ፣ የምትፈልገው ሰው አጠገቧ ይሁን፣ ትብላ ትጠጣ ይላል። መመሪያውን ሥልጠና ላይ ሲያነቡልን እማሆይ አጠገቤ ተቀምጠው የሚስቁብኝ መሰለኝ።

ሁሉም ግን እንዲህ አልነበረም፤ የጥንቱን ማሞገስ ለእኛ በከተማ ለተቀመጥነው ይቀለናል። እትብት ላይ ቅቤ ይደረጋል፤ ልጁም በመንጋጋ ቆልፍ ይሞታል። እንገሩ ቆሻሻ ነው ተብሎ ይታለብና ይደፋል። ምጡ ሲረዝም ሆድ በኃይል ይታሻል፤ ማሕፀን የተቀደደባት አይቻለሁ። ሁለትና ሦስት ቀን የቆየ ምጥ ሲሆን ደግሞ ጸሎትና ጥበቃ ነው፤ ሌላ የለም። እማሆይ ክር ማፍላትን፣ እጅ በሳሙና መታጠብን ከእኔ ወሰዱ። ቅቤውን ለማስተው ግን አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን እንዳስወገደች የተረጋገጠው በ2009 ዓ.ም. ነው፤ ለእኔ ያ ዜና ምን ማለት እንደነበር በዚያ ዓመት የቀበርናቸውን ያየ ያውቀዋል።

አሁን የምነግራችሁን ከባቼ ልጆች ለሁለት ብቻ ነው የነገርሁት።

1988 ዓ.ም. ነው። ክሊኒኳ በነጭ ጋዝ የሚሠራ የክትባት ፍሪጅ ነበራት። ጋዙ አለቀ፤ ለሳምንታት አልመጣም። ክትባቱን በበረዶ ሣጥን አድርጌ ወደ ሰቆጣ መለስሁ። ለክትባቱ ተጨነቅሁ። ፍሪጁ ውስጥ የነበሩትን ጥቂት የኤርጎሜትሪን አምፑሎች ግን አውጥቼ በመስኮቱ አጠገብ ባለው መስተዋት ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኋቸው። ኤርጎሜትሪን ብርሃንና ሙቀት እንደማይወድ ተምሬያለሁ። ፈተና ላይም መጥቶልኛል፤ አግኝቼዋለሁ።

አንድ ምሽት ባልየው እየሮጠ መጣ። ሚስቱ ስድስተኛዋን ቀን ላይ ወልዳለች፣ የእንግዴ ልጁም ወጥቷል፣ ደሙ ግን አልቆመም። ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። ስደርስ እማሆይ ሆዷን እያሹ ነበር፤ ደህና ነው የሚያደርጉት፣ ማሕፀኑ ግን እንደ ሊጥ ለስልሷል። በኩራዝ ብርሃን አንዱን አምፑል ሰብሬ ወጋኋት። ጠበቅሁ። ምንም የለም። ሁለተኛውን ወጋሁ። ምንም። እጅን ከውስጥና ከሆድ ላይ አድርጎ ማሕፀኑን መጭመቅ የሚባለውን በመጽሐፍ ሥዕል አይቻለሁ፤ በእጄ ሠርቼ አላውቅም፤ ፈራሁ። በቃሬዛ እናውጣት ተባለ። የጎረቤት ወንዶች ተሸከሟት። ከመኪናው መንገድ ሳንደርስ ወንዙ ዳር አረፈች።

በማግስቱ እማሆይ ክሊኒክ መጡ። ለማጽናናት ነበር። ስንነሣ በሩ ላይ ቆም ብለው «ልጄ፣ ያ የመርፌ ውሃ መልኩ እንዲያ ነው?» አሉኝ። በኩራዝ ሁሉም ነገር ቢጫ ነው። እሳቸው ሲሄዱ የቀሩትን አምፑሎች ወደ ፀሐይ ወስጄ አየኋቸው። ንጹሕ ውሃ መምሰል የነበረባቸው ቢጫ ሆነዋል።

መዝገቡ ላይ «ከወሊድ በኋላ በደም መፍሰስ» ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ የዘለለ አልጻፍሁም። አምፑሎቹን ቀበርኋቸው። መድኃኒቱ ደህና ቢሆን ትተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም። ይህን ያህል ዓመት ስጠይቀው ኖሬአለሁ።

ለምን ነገርሽን ትሉኝ ይሆናል። ሙያው በእኔ ዕድሜ ከተለወጠባቸው ነገሮች ትልቁ የት እንደሆነ የማሳያችሁ በዚህ ስለሆነ ነው። ሰው አምቡላንስ ይላል፣ ሕንፃ ይላል። እኔ የምለው በ2005 ዓ.ም. አካባቢ የመጣውን የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ የሚባለውን አሠራር ነው። አንዲት እናት ስትሞት ቁጭ ተብሎ ይጠየቃል፤ ቤት ውስጥ ለመወሰን ዘገየች? መንገድ ላይ ዘገየች? ተቋም ከደረሰች በኋላ ዘገየች? ስም አይጻፍም፣ ጥፋተኛ አይፈለግም፤ የሚፈለገው ምክንያቱ ነው። በእኔ ጊዜ ይህ ቢኖር «አምፑሉ መስኮት ላይ ነበር» ብዬ እጽፍ ነበር፤ ሌላው ክሊኒክም የራሱን ቁም ሣጥን ያይ ነበር። እውነቱን ለመናገር ዛሬም ልጆቹ ይፈራሉ። ወረቀቱ አትወቅሱ ይላል፣ ስብሰባው ይወቅሳል። ቢሆንም ወረቀቱ መኖሩ አንድ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ትምህርቴን ቀጠልሁ፤ ከነርስነት ወደ አዋላጅነት ገባሁ፤ ወደ ዋግ ተመለስሁ። ሰው ለምን ተመለስሽ ሲለኝ ባሌ የዚያ አገር ሰው ነው እላለሁ፤ እሱም እውነት ነው።

ለውጡ እንዴት እንደመጣ ቁጥሩ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተወለዱት 5 ናቸው። በ2005ም ያው 5። በ2011 10 ደረሰ፣ በ2016 26፣ በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናት 48። በወሊድ ምክንያት የሚሞቱት ደግሞ በ2000 ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ልጆች አንጻር 871 እናቶች ነበሩ፤ በ2016 412። መሐሉ ላይ ምን ተደረገ? በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ልጆች አስቀመጠ። ጤና ጣቢያ ተሠራ። ነርሶችን በአንድ ዓመት አዋላጅ የሚያደርግ የተፋጠነ ሥልጠና ተከፈተ፤ ቀዶ ሕክምና ለሚፈልጉት ደግሞ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች በማስተርስ ደረጃ ይሠለጥኑ ጀመር። ወሊድ ነፃ ሆነ። ለየወረዳው አምቡላንስ ገባ። ስዊድኖች በ19ኛው ምእት ዓመት፣ ኦክሲቶሲንም ደም መለገስም ሳይኖር፣ በየደብሩ የሠለጠነች አዋላጅ በማስቀመጥ የእናቶችን ሞት እንደቀነሱ መምህራችን ሲነግሩን ተረት መስሎኝ ነበር። በዓይኔ አየሁት።

ነገር ግን መንገዱ ላይ የተሠራ ስሕተትም አለ። አንድ ሰሞን የልምድ አዋላጆች እንዳይነኩ ተባለ። ልክ ነው፤ ማዋለዱን ይተዉ። አነጋገሩ ግን ልክ አልነበረም። ትናንት ሠልጥኑ ብለን ሣጥን የሰጠናቸውን ሴቶች ዛሬ እንደ ወንጀለኛ አየናቸው። በአንዳንድ ቀበሌ ቤቷ የወለደችን እንቀጣለን እስከማለት ተደረሰ። እማሆይ ያኔ አርጅተዋል። ተጠርተው ሲሄዱ ጨለማ እየጠበቁ ሆነ። እሳቸው ጨለማ ሲጠብቁ እኛ ዘንድ የምትመጣዋ እናት ትዘገያለች፤ የተረፈን ይህ ነው። በኋላ አስተዋይ የወረዳ ሰዎች ነገሩን ገለበጡት፤ አሮጊቶቹ እናቲቱን ይዘው ጤና ጣቢያ ድረስ የሚመጡ፣ አብረው የሚገቡ ሆኑ። ገንፎውም ቡናውም አብሮ ገባ። ማዋለጃ ክፍላችን ደጃፍ ላይ የገንፎ ድስት ሲጣድ የተመዘገበው ወላድ ቁጥር የትኛውም ስብሰባ ካመጣው ይበልጣል። ይህን በጥናት አላረጋገጥሁም፤ የጥናት ሰዎች ካላችሁ ግቡበት።

የእናቶች ማቆያውም እንዲሁ ነው። አታት ሆስፒታል ጉራጌ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይዞት የኖረ ሐሳብ ነው፤ ቀኗ የደረሰች ሴት ቀድማ መጥታ ሆስፒታሉ አጠገብ ትቆያለች። ለእኛ አገር ከዚህ የተሻለ የለም፤ አምቡላንስ ገደል አይወርድም። ግን ቤት ትታው የምትመጣው ልጅና ከብት አለ። አንዲት እናት «እኔ እዚህ ስተኛ ላሜን ማን ያልባታል?» ብላኛለች። መልስ አልነበረኝም። ጎረቤቷ እንድታልብላት ሄዶ የለመነው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ባል ነው።

ስለ ወንዶቹ አዋላጆች ሳልናገር ባልፍ ይቀየሙኛል። አንድ ቀን ከጎጃም የመጣ ለጋ ልጅ ተመደበልን፤ ተመርቆ ሦስት ወሩ። ምጥ የያዛት ልጅ አማት በሩ ላይ ቆመው «ወንድ አይገባም!» አሉ። እኔ ሌላ እናት ይዣለሁ። ልጁ አልተከራከረም። ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ እርስዎ ይግቡና እኔ የምለውን ይንገሯት፤ እጅዎንም ይታጠቡ፣ ልጁን የሚቀበሉት እርስዎ ነዎት» አላቸው። ታጥበው ገቡ። ልጁ የሕፃኑን ራስ ሲደግፍ አማት ፎጣ ይዘው ቆመዋል። ሰባት እልልታ ሲያቀልጡ የመድኃኒት ክፍሉ ሰው ሮጦ መጣ። ከዚያ ወዲያ እሳቸው ራሳቸው ነፍሰ ጡር ሲያገኙ «ያን ልጅ ጥሩ» ይላሉ። በዞናችን ኽምጣንጛ ብቻ የሚናገሩ እናቶችም አሉ፤ ከሌላ አገር የመጣው አዋላጅ ግፊ አትግፊ ማለት እንኳ በአስተርጓሚ ነው። ልጁ እነዚህን ቃላት ከአማቶች ተምሮ መዳፉ ላይ በእስክሪፕቶ ጽፎ ይገባ ነበር። ይህ በየትኛው ኮርስ ይሰጣል?

2013 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ሰቆጣ ገባ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ያለውን ጊዜ በዝርዝር አልነግራችሁም፤ አብዛኛው የእኔ ብቻ አይደለም። ለሙያችን የሚሆነውን ብቻ ልንገራችሁ። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ መንገድ የለም፣ መድኃኒት የለም። እናቶች ግን ይወልዳሉ። በአንድ ሳምንት ሃያ አምስት ዓመት ወደኋላ ተመለስን። ቤት ለቤት ሄድን። ፓርቶግራፉን በተማሪ ደብተር ላይ አስምሬ እሞላ ነበር። የልጅ የልብ ምት የምንሰማው በፒናርድ ነው፤ ያቺ መለከት የመሰለች እንጨት ከአንድ መቶ ዓመት በፊት እንደነበረችው ናት፣ ባትሪ አትጠይቅም። ተማሪዎች ሲስቁባት አይቻለሁ። አትሳቁባት።

በዚያ ጊዜ አንድ ሌሊት ተጠራሁ። አምስተኛ ልጇ ነው፤ የእንግዴ ልጁ ወጥቷል፣ ደሙ አልቆመም። ቤቱ ስገባ ቀድማ የደረሰች ሴት አለች፤ የእማሆይ ልጅ ናት። እማሆይ ካረፉ ቆይተዋል። ኦክሲቶሲን የለኝም። የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሚሶፕሮስቶል በጎታ እህል ውስጥ ደብቃ ነበር፤ ሦስት ፍሬ ብቻ ነው የቀራት። ከምላሷ ሥር አደረግንላት። ከዚያ እጄን አስገባሁ። በ1988 የፈራሁትን ከዓመታት በኋላ ሥልጠና ላይ በአሻንጉሊት ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ። አንዱ እጅ በጡጫ ከውስጥ፣ ሌላው ከሆድ በላይ፣ ማሕፀኑን በመሐል ይዞ መጭመቅ ነው። አምስት ደቂቃ ሲሆን ክንድ ይዝላል። የእማሆይ ልጅ ከላይ ያለውን እጄን በሁለት እጇ ተጭና ያዘችልኝ። ለአርባ ደቂቃ ያህል እንዲህ ሆንን። ማሕፀኑ ሲጠነክር በመዳፌ ተሰማኝ። ሴትየዋ አለች፤ ባለፈው ዓመት ልጇን ትምህርት ቤት አስገብታለች።

ስንወጣ የእማሆይን ልጅ «የእናትሽን ነገር ታስታውሺያለሽ?» አልኋት፤ ያችን የወንዙን ዳር ሴት ማለቴ ነው። «እናቴ አንቺን ወቅሳሽ አታውቅም» አለችኝ። ከዚህ በላይ አልተነጋገርንም።

ሰዓቴ እንዳለቀ ሰብሳቢው እያሳዩኝ ነው። ስለዛሬው ሁለት ነገር ብዬ ልውረድ።

አንደኛው ለመምህሮቻችን ነው። እኛ ስንማር ለቦታው ሰው ጠፋ፤ ዛሬ ሰው ሞልቶ ቦታ ጠፋ። በዲግሪ የተመረቁ አዋላጆች ሥራ አጥተው ቤት ተቀምጠዋል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ሌሊቱን ለብቻዋ የምታድር አንዲት ልጅ አለች፣ የዱቲ ክፍያዋም ወራት ይዘገያል። ይህን እናንተ አትፈቱትም። የምትፈቱት ግን አለ። በትልቁ ሆስፒታል አንዲት እናት ምጥ ላይ ሆና ዙሪያዋን አሥር ተማሪ ይቆማል፤ እያንዳንዱም የተቆጠረለትን ወሊድ ማሟላት አለበት። እናቲቱ ትሸማቀቃለች፣ ተማሪውም እጁን ሳያስገባ ይፈርማል። ሰላሙ ሲመለስና መንገዱ ሲከፈት ወደ እኛ ላኳቸው። ቲቲፒ ከቆላ ድባ አልፎ አስከተማ ቢደርስ ምን ይለዋል? ማደሪያ እኛ እንፈልጋለን። ቁንጫው ግን አሁንም አለ።

ሁለተኛው ለባቼ ልጆች ነው። ያዋጣነውን ገንዘብ በምን እናውለው ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። የመታሰቢያ ድንጋይ ይቁም ያላችሁ አላችሁ፤ ይቅር። ማቆያ ቤቱ ብርድ ልብስ የለውም፤ ደጋ ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ሃያ ብርድ ልብስ ግዙ። ኦክሲቶሲን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። የማይበላሽ ምትክ፣ ሙቀት የሚችል ካርቤቶሲን የሚባል አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ተቀብሎታል፤ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ግን ፍሪጅ ያስፈልገናል። በፀሐይ የሚሠራ አንድ አለን፤ ውስጡ ያለው ቴርሞሜትር ተሰብሯል። ሁለት ቴርሞሜትር ግዙልኝ፤ አንዱ መጠባበቂያ ይሁን። ከተረፈ ለድስት ይሁን፤ የገንፎው ድስት ቀዳዳ አውጥቷል።

የፊታችን ዓመት ጡረታ እወጣለሁ። ዕቃው ከዚያ በፊት ቢደርስ ራሴ እረከበዋለሁ። ጥያቄ ያለው ካለ እዚሁ ነኝ።